አንድ ቺፕ፣ ሁለት አዛዥ፦ ፈርምዌርና ድራይቨር የሚሻሙበት ሃርድዌር

ሊነክስ የጫነ ሰው አንድ ቀን ይህ ይገጥመዋል። የማዘርቦርዱን ሙቀትና የፋኑን ፍጥነት ማየት ይፈልጋል። የሴንሰር ፕሮግራሙን ይጭናል፤ ፕሮግራሙ ግን ከማዘርቦርዱ ምንም አያሳይም። የከርነሉን፣ ማለትም የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት፣ ሎግ ሲከፍት አንድ ማስጠንቀቂያ ያገኛል። ድራይቨሩ፣ ማለትም ከርነሉን ከሴንሰሩ ቺፕ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም፣ የጠየቀው አድራሻ ኤሲፒአይ የሚባለው የማዘርቦርዱ ሥርዓት ከያዘው ክልል ጋር ይጋጫል ይላል። ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ መልሱ ወዲያው ይመጣል፦ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ለከርነሉ አንዲት መለኪያ (ፓራሜተር) ጨምርለት፣ ግጭቱን ችላ ይበል። ይጨምራል። እውነትም ይሠራል።

ይህ ምክር ከአሥር ዓመት በላይ ሲዞር ኖሯል። ሞክሮት ምንም ያልሆነ ሰው ብዙ ነው። እኔ ግን ለማንም አልመክርም። ከርነሉ ያንን መስመር የሚጽፈው ውሃ የሚያነሳ ምክንያት ስላለው ነው። ምክንያቱ ደግሞ ከአንድ የፋን ቺፕ ይሰፋል። ዛሬ በእያንዳንዱ ላፕቶፕ፣ ሰርቨርና ታብሌት ውስጥ ሁለት ፕሮግራሞች አንድን ሃርድዌር ያዛሉ፤ አንዱ ሌላው አሁን ምን እያደረገ እንደሆነ አያውቅም።

ብዙ ሰው ፈርምዌር፣ በተለምዶ ባዮስ የምንለው፣ ኮምፒውተሩን አስነስቶና ለኦፕሬቲንግ ሲስተሙ አስረክቦ የሚወጣ ይመስለዋል። አይወጣም። ቢያንስ በሦስት በር ተመልሶ ይገባል።

አንደኛው በር ሲስተም ማኔጅመንት ሞድ ይባላል። ኢንቴል በ1990 እ.ኤ.አ. ካወጣው 386 ኤስኤል ፕሮሰሰር ጀምሮ ያለ ነገር ነው። ልዩ ኢንተረፕት (ሥራ አቋራጭ ምልክት) ሲመጣ ፕሮሰሰሩ የያዘውን ሁሉ ያቆማል። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ሊያየው በማይችለው ሜሞሪ ውስጥ ወዳለ የፈርምዌር ኮድ ይዘልላል። ሥራውን ሲጨርስ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ከርነሉ ቆም ብሎ እንደነበር አይነገረውም። ምናልባት ሰዓቱን ሲያይ ጥቂት ጊዜ የት እንደገባ ሳያውቅ ይጎድለዋል፤ ያ ብቻ ነው።

ሁለተኛው በር ኤሲፒአይ ነው። ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ በ1996 መጨረሻ ያወጡት ስምምነት ነው። ፈርምዌሩ ኤኤምኤል በሚባል ቋንቋ የተጻፉ ትንንሽ ፕሮግራሞችን በሰንጠረዥ አድርጎ ሜሞሪ ላይ ያስቀምጣል። የሚያስኬዳቸው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ራሱ ነው። ባትሪው ስንት ቀረው? ክዳኑ ተከፍቷል ወይ? ሙቀቱ ስንት ደረሰ? ከርነሉ ሰንጠረዡን ይጠራል፤ በውስጡ ያለው የአምራቹ ኮድ ደግሞ በቀጥታ ሃርድዌሩን ይነካል። ከርነሉ ኮዱን መስመር በመስመር ያስኬደዋል እንጂ ዓላማውን አያውቅም።

ሦስተኛው በር ሌሎች ፕሮሰሰሮች ናቸው። በላፕቶፕ ውስጥ ኪቦርዱን፣ ባትሪውንና ፋኑን የሚያስተዳድር ኢምቤድድ ኮንትሮለር የሚባል ትንሽ ኮምፒውተር አለ። በኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ውስጥ የደኅንነት ፕሮሰሰር አለ። በኢንቴል አተም ውስጥ ኤሌክትሪኩን የሚያከፋፍል ፒ-ዩኒት የሚባል ክፍል አለ። እነዚህ ሁሉ የራሳቸውን ኮድ ያስኬዳሉ፤ የእናንተን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ፈቃድ አይጠይቁም።

እንግዲህ እነዚህ ሁሉ አንድ ቺፕ ላይ ሲገናኙ ምን ይሆናል? አንዱን ቀረብ ብለን እንየው።

በዴስክቶፕ ማዘርቦርድ ላይ ሙቀት፣ ቮልቴጅና የፋን ፍጥነት የሚለካው ቺፕ ሱፐር አይኦ ይባላል። ዊንቦንድ ቀድሞ ይሠራው የነበረው፣ ኑቮቶንና አይቲኢ የሚሠሩት ዓይነት ነው። በውስጡ ብዙ ሬጅስተሮች፣ ማለትም ቁጥር የሚቀመጥባቸው ትንንሽ ሳጥኖች፣ አሉ፤ ወደ ውጭ የሚወጡት በሮች (ፖርቶች) ግን ሁለት ብቻ ናቸው። በብዙ ቦርዶች ላይ ቺፑ የሚገኘው በሄክሳዴሲማል 290 ላይ ነው፤ በሮቹ 295 እና 296 ይሆናሉ። በ295 ላይ የምትፈልጉትን ሬጅስተር ቁጥር ትጽፋላችሁ። ከዚያ በ296 ላይ ዋጋውን ታነባላችሁ ወይም ትጽፋላችሁ። ሁለት ሰው በአንድ ትልቅ መዝገብ ላይ እንደሚሠራ አስቡት፦ አንዱ የሚጽፍበትን ገጽ ከፍቶ ዞር ሲል ሌላው መጥቶ ገጹን ይገልጠዋል። የመጀመሪያው ተመልሶ ዓይኑን ሳያነሳ ይጽፋል።

በቆየው የዊንቦንድ ቤተሰብ ሬጅስተር 27 ሙቀት ነው፤ 28 ደግሞ የመጀመሪያው ፋን ነው። የሊነክሱ ድራይቨር ፋኑን ሊያነብ ነው እንበል። የኤሲፒአይ ኮድ ደግሞ በሌላ የፕሮሰሰር ኮር ላይ ሙቀቱን ሊያነብ ነው። የኤሲፒአይ ኮዱ በ295 ላይ 27 ብሎ ይጽፋል። በመሀል ድራይቨሩ ይገባና 28 ብሎ ይጽፋል። የኤሲፒአይ ኮዱ ወደ 296 ሄዶ ያነባል። ሙቀት ያነበበ ይመስለዋል፤ ያነበበው ግን የፋኑን ቆጠራ ነው።

ቁጥሩን እናስላው። በእነዚህ ቺፖች የፋን ፍጥነት የሚገኘው 1,350,000ን ለቆጠራውና ለአካፋዩ ብዜት በማካፈል ነው። አካፋዩ 8 ሆኖ ፋኑ በደቂቃ 1,500 ዙር አካባቢ ቢሽከረከር ሬጅስተሩ ላይ የሚቀመጠው ቁጥር 112 ገደማ ነው። ፍጹም ጤነኛ ፋን ነው። 112ን ግን እንደ ሙቀት አንብቡት። 112 ዲግሪ ሴንቲግሬድ! ኤሲፒአይ ለእያንዳንዱ የሙቀት ቀጠና አደገኛ የሚባል ጣሪያ አለው። ያ ጣሪያ ሲታለፍ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ማድረግ ያለበትን ያደርጋል፦ ማሽኑን ያጠፋል። ሥራችሁን እየሠራችሁ ሳለ ኮምፒውተሩ ድርግም ይላል። ፋኑ ይሠራል፣ ሲፒዩው አልጋለም፣ ፓወር ሰፕላዩ ደህና ነው። ጥገና ብትወስዱት ማንም ምንም አያገኝበትም። በወር አንዴ ይደገማል ወይም አይደገምም።

ይህ እንግዲህ ንባብ ብቻ ነው። ጽሑፍ ቢሆን የባሰ ነው። የማስጠንቀቂያ ጣሪያ ላይ ሊጻፍ የነበረ ቁጥር የፋኑ ፍጥነት መቆጣጠሪያ ላይ ሊያርፍ ይችላል። አዳዲሶቹ ቺፖች ደግሞ ሬጅስተሮቻቸው ስለበዙ ባንክ በሚባሉ ምድቦች የተከፋፈሉ ናቸው። ስለዚህ ከሁለት ይልቅ በሦስትና በአራት እርምጃ ነው የሚደረስባቸው። እርምጃው በበዛ ቁጥር በመሀል የሚገባበት ቀዳዳ ይሰፋል።

እዚህ ላይ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው «ታዲያ ሎክ አድርጉበታ!» ማለቱ አይቀርም። ነገሩ ወዲህ ነው። ሎክ አንዱ ሲጠቀም ሌላው እንዲጠብቅ የሚያደርግ ምልክት ነው፤ የሚሠራው ሁለቱም ወገኖች ሲያከብሩት ብቻ ነው። የከርነሉን ሎክ የሚያውቀው ከርነሉ ነው። በሲስተም ማኔጅመንት ሞድ የሚሄደው ኮድ ያ ሎክ መኖሩንም አያውቅ። ቢያውቅ እንኳ መጠበቅ አይችልም። ሎኩን የያዘው ድራይቨር እዚያው ፕሮሰሰር ላይ ተቋርጦ ቆሟል። ፈርምዌሩ «ድራይቨሩ እስኪጨርስ ልጠብቅ» ቢል ድራይቨሩ መቼም አይጨርስም፤ ፈርምዌሩ ካልወጣ ሊቀጥል አይችልምና። ማሽኑ እዚያው ይደርቃል።

የኤሲፒአይ አዘጋጆች ይህን ከመጀመሪያው አይተውታል። ስለዚህ ግሎባል ሎክ የሚባል ነገር አስገቡ። ሜሞሪ ላይ ያለች አንዲት ባለ 32 ቢት ቃል ናት፤ ከእሷ ሁለት ቢት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። አንዱ ቢት «ተይዟል» ይላል፣ ሌላው «የሚጠብቅ አለ» ይላል። ፈርምዌሩ መጥቶ ሎኩ ተይዞ ካገኘ ቆሞ አይጠብቅም። የ«የሚጠብቅ አለ»ን ቢት አብርቶ ይወጣል። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ሎኩን ሲለቅ ቢቷን ያያል፤ ኢንተረፕት ልኮ ፈርምዌሩን ይጠራዋል። በተቃራኒውም እንደዚያው ነው። ቀላልና ብልህ ንድፍ ነው፤ ደስ ይለኛል።

ግን በተግባር ብዙ አላገለገለም። አንደኛ፣ ለጠቅላላው ማሽን አንድ ሎክ ብቻ ነው። የፋን ቺፑን ለማንበብ የያዘው ሰው ኢምቤድድ ኮንትሮለሩን የሚፈልገውንም ያስቆማል። ሁለተኛ፣ አምራቹ ፈርምዌሩን ሲጽፍ በሎኩ ካልተጠቀመ ማንም አያስገድደውም። ለኢምቤድድ ኮንትሮለር፣ ማለትም በ62 እና በ66 ፖርቶች ለሚነጋገረው፣ ሎኩ ያስፈልግ እንደሆነ ሰንጠረዡ በግልጽ የሚናገርበት ቦታ አለ። ለፋን ቺፑ ግን እንዲህ ያለ ቦታ የለም። አምራቹ ብዙ ጊዜ በሰንጠረዡ ውስጥ የራሱን ሎክ ይፈጥራል፤ ስሙንም እንደፈለገ ያወጣል። የሊነክስ ድራይቨር ያ ሎክ መኖሩንና ስሙን ከየት ያውቃል?

ለኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የሚነገረው ነገር የክልል መግለጫ ነው። ሰንጠረዡ «ከዚህ እስከዚህ ያለው አድራሻ በእኔ ኮድ ውስጥ ይነካል» ይላል። መቼ እንደሚነካ አይናገርም። ጨርሶ ይነካ እንደሆነም አያረጋግጥም። አምራቾች አሮጌ ሰንጠረዥ ገልብጠው ሲያሳልፉ በማንም የማይጠራ መግለጫ ይቀራል። ከርነሉ ማየት የሚችለው መግለጫውን ነው፣ ዓላማውን አይደለም።

በ2009 የወጣው ሊነክስ 2.6.31 በዚህ ላይ ውሳኔ አሳለፈ። እስከዚያ ድረስ ከርነሉ ግጭት ሲያይ ያስጠነቅቅና ድራይቨሩን ያስገባው ነበር። ከዚያ በኋላ ግን መከልከል ነባሪው ሆነ። ድራይቨሩ የሚጠይቀው አድራሻ በኤሲፒአይ ክልል ውስጥ ካለ አይጫንም። ትናንት የፋኑን ፍጥነት ያይ የነበረ ሰው ከርነሉን ሲያድስ ባዶ አገኘ። ብዙ ተጮኸ። በመግቢያዬ ያነሳኋት መለኪያ ያኔ ነው ታዋቂ የሆነችው፤ ከርነሉን ወደ ድሮው ልቅነት የምትመልስ ናት። ውሳኔው ትክክል ነበር እላለሁ። ከርነሉ በማያውቀው ነገር ላይ መወራረድ የለበትም፤ የሚያስይዘው የእሱን ሳይሆን የተጠቃሚውን ቦርድ ነውና።

ቦርድ ይበላሻል ወይ? ይበላሻል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሴንሰር የሚያፈላልገው የሊነክስ ፕሮግራም በአንዳንድ የአይቢኤም ቲንክፓድ ላፕቶፖች ላይ ያደረሰው ነገር እስከ ዛሬ ይነሳል። ፕሮግራሙ ኤስኤምባስ በሚባል፣ ቺፖችን በሚያገናኝ መስመር ላይ «እዚህ አድራሻ ላይ ማን አለ?» እያለ ይጠይቃል። አብዛኛው ቺፕ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሰጥቶ ዝም ይላል። በቲንክፓዶቹ ውስጥ የነበረው የአትሜል ኢኢፕሮም (ኤሌክትሪክ ሲጠፋም መረጃ የሚይዝ ቺፕ) ግን ጥያቄውን እንደ ጽሑፍ ትእዛዝ ወሰደው። በውስጡ ፈርምዌሩ የሚያስቀምጠው የማሽኑ መለያ መረጃ ነበር። መረጃው ተበላሸ። ላፕቶፑ በሚቀጥለው ጊዜ ሲበራ ፈርምዌሩ የራሱን መረጃ አጥቶ አልነሳም አለ። መፍትሔው ማዘርቦርድ መቀየር ሆነ። ፕሮጀክቱ ከዚያ በኋላ በአይቢኤም ማሽኖች ላይ ያንን መስመር እንዳይነካ አደረገ። የድራይቨሩ ጸሐፊዎች ምንም የተለየ ነገር አልሠሩም ነበር፤ የሌላ ሰው ዕቃ ላይ እጃቸው አረፈ እንጂ።

እኛ ዘንድ ይህ ጉዳይ ክብደቱ ይጨምራል። አዲስ አበባ ላይ ብዙ ሰው የሚይዘው ያገለገለ ላፕቶፕ ነው። የአምራቹ ዋስትና አልፏል። ባዮሱ ከተሸጠበት ቀን ጀምሮ ያልታደሰ ሊሆን ይችላል። ማዘርቦርዱ ቢሞት የላፕቶፑን ዋጋ ያህል ይጠይቃል ወይም ጨርሶ አይገኝም። የሙቀት ቁጥር ለማየት ሲባል የሚገባበት አደጋ አይደለም።

መፍትሔው ምንድን ነው? የተሻሉት ሁሉ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፦ በአንድ ጊዜ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ይታወቃል።

ቀላሉ አንዴ ተረካክቦ መለያየት ነው። ዩኤስቢ እንዲህ ይሠራል። ኦፕሬቲንግ ሲስተም ከመነሳቱ በፊት የዩኤስቢ ኪቦርድ እንዲሠራ ፈርምዌሩ ኮንትሮለሩን ይይዛል። በኮንትሮለሩ ሬጅስተር ላይ ሁለት ቢቶች አሉ፤ አንዱ «በባዮስ ተይዟል»፣ ሌላው «በኦፕሬቲንግ ሲስተም ተይዟል» ይላል። ከርነሉ የራሱን ያበራና የባዮሱ እስኪጠፋ ለአጭር ጊዜ ይጠብቃል። ባዮሱ ካልለቀቀ ሊነክስ «ርክክቡ አልተሳካም፣ የባዮስ ስህተት ይሆን?» የሚል መልእክት ጽፎ በጉልበት ይወስደዋል። በፒሲአይ ኤክስፕረስም ተመሳሳይ ድርድር አለ፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ስህተት መከታተልንና ዕቃ መንቀል መሰካትን ልረከብ ብሎ ይጠይቃል፣ ፈርምዌሩ የፈቀደውን ይሰጠዋል።

ችግሩ ተረካክቦ መለያየት በማይቻልበት ቦታ ነው። ሁለቱም ቺፑን እስከ መጨረሻው የሚፈልጉት ከሆነስ? የኢንቴል ኤስኤምባስ ኮንትሮለር የዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በብዙ ማሽኖች ሰንጠረዡ የኮንትሮለሩን ፖርቶች በክልሉ ውስጥ ይዘረዝራል። ስለዚህ ከ2009 በኋላ ድራይቨሩ በእነዚያ ማሽኖች አልጫን ይላል። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ የኤሲፒአይ ኮዱ ክልሉን ጨርሶ አይነካውም። በሌላ በኩል በአንዳንድ ላፕቶፖች ታችፓዱ ሙሉ ችሎታውን የሚያወጣው በዚሁ መስመር በኩል ነው። መከልከሉ ዋጋ ያስከፍላል፣ መፍቀዱም ያሰጋል።

በ2016 የተገኘው መፍትሔ በጣም ያስደስተኛል። ድራይቨሩ ይጫናል፤ ግን በክልሉ በር ላይ ዘበኛ ያቆማል። የኤሲፒአይ ኮድ እነዚያን ፖርቶች መንካት ሲጀምር ጥያቄው መጀመሪያ ወደ ድራይቨሩ ይመጣል። ድራይቨሩ የመጀመሪያዋን ንክኪ ሲያይ «ባዮስ እየተጠቀመበት ነው» ብሎ ሎግ ላይ ይጽፋል። ከዚያ በኋላ የራሱን ሥራ ያቆማል፤ ማንም በእሱ በኩል ቢጠይቅ ሥራ ላይ ነው የሚል መልስ ይሰጣል። ኮንትሮለሩ ራሱን እንዳያስተኛም ያደርጋል፤ ባዮሱ ሲመጣ የተኛ ዕቃ እንዳያገኝ። ቅድሚያው ሙሉ በሙሉ ለፈርምዌሩ ነው። በመግለጫ ፈንታ በድርጊት ፈረዱ ማለት ነው።

እዚያው ኮንትሮለር ላይ ኢንቴል ያስቀመጠው ሌላም ነገር አለ። በሁኔታ ሬጅስተሩ ውስጥ አንዲት ቢት አለች። መጀመሪያ ያነበባት ዜሮ ያገኛል፤ ሃርድዌሩ ወዲያው ወደ አንድ ይቀይራታል። ሁለተኛ የሚመጣው አንድ ያያል፣ ተይዟል ማለት ነው። የጨረሰው አንድ ጽፎባት ያጸዳታል። ቢቷ ሃርድዌሩን በሌላ ነገር አትቆጣጠርም፤ ለዚህ ጉዳይ ብቻ የተሠራች ናት። እንዲህ ያለ ነገር ለቺፕ ሠሪ የሚያስከፍለው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የፋን ቺፕ ሠሪዎች ለምን ከጥንቱ አላስገቡትም? እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ኤሱስ ቦርዶች ላይ ሌላ መንገድ ተገኘ። በ2022 የወጣው ሊነክስ 5.17 ለኑቮቶን ቺፖች አዲስ ነገር ጨመረ፤ ቦርዱ ኤሱስ ከሆነና በዝርዝሩ ውስጥ ካለ ድራይቨሩ ፖርቶቹን ራሱ አይነካም። የአምራቹን ኮድ ደብሊውኤምአይ በሚባል የኤሲፒአይ መጥሪያ በኩል ጠርቶ «ይህንን ሬጅስተር አንብብልኝ» ይለዋል። ያ ኮድ የራሱን ሎክ ስለሚያውቅ ይይዛል፣ ያነባል፣ ይለቃል። የዚያው ኩባንያ ቦርዶች ላይ ኢምቤድድ ኮንትሮለሩን የሚያነበው ሌላ ድራይቨር ደግሞ በሰንጠረዡ ውስጥ ያለውን ሎክ በስሙ ፈልጎ ይይዛል። ስሙ ከቦርድ ቦርድ ስለሚለያይ ድራይቨሩ ውስጥ ዝርዝር አለ። ለአንዳንዶቹ የሚያገለግለው ያ የቆየው ግሎባል ሎክ ነው።

በጣም ከባዱ ታሪክ ግን የቤይ ትሬይል ነው። በ2013 የወጣው የኢንቴል አተም ፕሮሰሰር ሲሆን በርካሽ ታብሌቶች ውስጥ ተሰራጭቷል። በእነዚህ ታብሌቶች ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ቺፕ አይስኩዌርድሲ በሚባል፣ ቺፖችን በሚያገናኝ መስመር ላይ ነው ያለው። የባትሪው ድራይቨር በዚህ መስመር ያነባል። ፒ-ዩኒት ደግሞ ፕሮሰሰሩ ወይም ግራፊክሱ ከእንቅልፍ ሲነሳ ቮልቴጅ ለመቀየር ያንኑ መስመር ይጠቀማል። ለሁለቱ የሚያገለግል ሴማፎር የሚባል የሎክ ዓይነት አለ፤ ከርነሉ ጠይቆ ይይዛል። በወረቀት ላይ አልቋል።

አላለቀም ነበር። ከርነሉ ሴማፎሩን ይዞ ሳለ ፕሮሰሰሩ ወደ ጥልቅ እንቅልፍ ቢገባ ወይም ግራፊክሱ ቢነሳ፣ ፒ-ዩኒት ቮልቴጅ መቀየር ይፈልጋል፤ መስመሩ ግን ተይዟል። ታብሌቱ ደርቆ ይቀራል። የባትሪውን መጠን ማንበብ ማሽኑን ይገድለዋል ማለት ነው! ሊነክስ ላይ መፍትሔው የመጣው ዓመታት ከፈጀ ሥራ በኋላ ነው። ከርነሉ ሴማፎሩን ከመጠየቁ በፊት ፕሮሰሰሩ ጥልቅ እንቅልፍ እንዳይገባ ያግዳል። ግራፊክስ ድራይቨሩን አስቀድሞ ያስታውቀዋል፤ እሱም ክፍሎቹን አስቀድሞ ያስነሳል፣ በመሀል መነሳት እንዳይኖር። ከዚያ በኋላ ነው መስመሩን የሚይዘው። ከዚህ የምረዳው ነገር፣ ሎኩ ከሚከላከለው ቺፕ ይልቅ ሎኩ እስኪለቀቅ የሚጠብቁት ወገኖች ናቸው ዋናው ሥራ። ማን እንደሚጠብቅና ሲጠብቅ ምን እንደሚቆም ካልታወቀ ሎኩ ራሱ ወጥመድ ይሆናል።

ኤኤምዲ ላይ በዚሁ በ2022 ተመሳሳይ ነገር ገባ። የደኅንነት ፕሮሰሰሩና ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ አንድ አይስኩዌርድሲ መስመር ይጋራሉ። ድራይቨሩ በመልእክት ሳጥን በኩል ይጠይቃል፣ ፈቃድ እስኪያገኝ ይጠብቃል። ለእያንዳንዷ ንባብ መጠየቅ ስለሚያዘገይ ለ100 ሚሊሰከንድ ያህል ይዞ ይቆያል።

ዊንዶውስ ላይ ታሪኩ ሌላ መልክ ይዟል። እንደ ኤችደብሊውኢንፎና አይዳ64 ያሉ የሙቀት መከታተያ ፕሮግራሞች እርስ በርስ እንዳይጋጩ በስም የሚታወቁ ሎኮችን ይጋራሉ። በጎ ስምምነት ነው፤ ባዮሱ ግን በስምምነቱ ውስጥ የለም። ብዙ ነፃ ፕሮግራሞች ደግሞ ለዓመታት የተደገፉት ዊንሪንግ0 በሚባል ድራይቨር ላይ ነው። ይህ ድራይቨር የሚሠራው ነገር ቀላል ነው፦ ለጠየቀው ፕሮግራም ማንኛውንም ፖርትና ሬጅስተር ይከፍታል። በደኅንነት ድክመቶች መዝገብ ላይ ሲቪኢ-2020-14979 ተብሎ የተመዘገበው ድክመቱም ይኸው ነው፤ ተራ ተጠቃሚ ሙሉ ሥልጣን እንዲይዝ መንገድ ይሰጣል። በመጋቢት 2025 የማይክሮሶፍት ዲፌንደር ድራይቨሩን እንደ አደገኛ መሣሪያ መያዝ ጀመረ። ፋን ኮንትሮልና መሰል ፕሮግራሞች የሚጠቀሙ ሰዎች በድንገት ማስጠንቀቂያ ወረደባቸው። ብዙዎች ማይክሮሶፍትን ተቆጡ። ቁጣው ይገባኛል፤ ፋን ማስተካከል ወንጀል አይደለም። ግን ይህን ያህል ሰው በጓሮ በር የገባው አምራቾች የፊት በር ስላልሠሩ ነው። የደኅንነት ቀዳዳውና የሁለት አዛዥ ግጭቱ ምንጫቸው አንድ ነው።

ደረጃውን የሚያወጡት ሰዎች አቅጣጫውን አይተውታል። በ2011 መጨረሻ የወጣው ኤሲፒአይ 5.0 የኤኤምኤል ኮድ አይስኩዌርድሲን በቀጥታ ሳይሆን በኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ድራይቨር በኩል እንዲደርስበት መንገድ ከፈተ። ያኔ ድራይቨሩ የሚይዘው ሎክ ለሁለቱም ይሠራል፤ ሁለቱም በእሱ በር ነው የሚያልፉት። በአርም ፕሮሰሰሮች ዓለም ደግሞ ተቃራኒው እየሰፋ ነው። ኤስሲኤምአይ በሚባለው ደረጃ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ቮልቴጁንና የክሎክ ፍጥነቱን አይነካም፤ ለፈርምዌሩ መልእክት ይልካል። አንዱ ከርነሉን፣ ሌላው ፈርምዌሩን ባለቤት አደረገ። ሁለቱም ያስኬዳሉ። የማያስኬደው መሀል ላይ ያለው ነው፤ ሁለቱም ባለቤት ሆነው በዕድል የሚኖሩበት።

ፈርምዌር ለሚጽፉ ሰዎችም አንድ ነገር ልበል። በሲስተም ማኔጅመንት ሞድ ውስጥ የኢንዴክስ ፖርት የምትነኩ ከሆነ ስትገቡ የነበረውን ቁጥር አንብባችሁ ያዙ፣ ስትወጡ መልሱት። ይህ ብቻ ብዙ ግጭት ያስቀራል። በኤሲፒአይ ሰንጠረዥ የማትነኩትን ክልል ደግሞ አትዘርዝሩ፤ ባዶ መግለጫ የሰውን ድራይቨር ይከለክላል።

አሁን ማሽናችሁ ላይ ያ ማስጠንቀቂያ ከመጣ ምን ታደርጋላችሁ? ጆሮ ዳባ ልበስ አትበሉት። መጀመሪያ ባዮሱንና ከርነሉን አድሱ፤ ለቦርዳችሁ የተሻለ መንገድ ከዚያ ወዲህ ገብቶ ሊሆን ይችላል። በደብሊውኤምአይ የሚሠራ ድራይቨር ካለ እሱን ተጠቀሙ። ከሌለ የኤሲፒአይ ሰንጠረዡን አውጥታችሁ ወደሚነበብ ጽሑፍ መልሱት፤ የሚሠሩት መሣሪያዎች በየሊነክስ ስርጭቱ በነፃ ይገኛሉ። በሎጉ ላይ የተጠቀሰውን ክልል ፈልጉ። ስሙን ካገኛችሁ በኋላ ከመግለጫው ሌላ የት እንደሚጠራ ተመልከቱ። በሙቀት ወይም በፋን ኮድ ውስጥ የሚጠራ ከሆነ ማስጠንቀቂያው እውነተኛ ነው፤ መለኪያዋን አትንኳት። የትም የማይጠራ ከሆነ የግጭቱ ዕድል ያንሳል፤ ከኤሲፒአይ ውጭ ያለው ፈርምዌር ግን በሰንጠረዡ ላይ አይታይም። ያወጣችሁትን ሰንጠረዥ ከቦርዱ ሙሉ ስም ጋር ለድራይቨሩ ጠባቂዎች ላኩላቸው። የኤሱስ ዝርዝር እንዲህ ነው ያደገው፦ ቦርዱ ያለው ሰው ይሞክራል፣ ውጤቱን ይልካል፣ በሚቀጥለው ከርነል ላይ አንድ የቦርድ ስም ይጨመራል።